ባለ ሣጥኑና ደብተሩ

ስለ ገጠራችን ኑሮ በተጻፉ ልብ ወለዶችና ተውኔቶች ውስጥ ገበሬው አለ፤ ባላባቱና ጭሰኛው አሉ፤ ቄሱና ሼኹ፣ ዳኛውና ነጭ ለባሹ ሁሉም እንደየደረጃቸው ቦታ አግኝተዋል። አንድ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከደጅ ይቀራል። ይህም ሰው ሣጥኑን በትከሻው አንግቶ፣ ዱላውን ጨብጦ፣ ከመንደር መንደር እየዞረ መርፌና ክር፣ ጨውና ክብሪት፣ መስተዋትና ማበጠሪያ የሚሸጠው ዟሪ ነጋዴ ነው። ከተሜው «ሱቅ በደረቴ» ብሎ ስም አውጥቶለታል። ስሙ ቀልድ ቢመስልም ትክክል ነው፤ ሱቁ ከነመደርደሪያው ደረቱ ላይ ነውና።

ይህን ጽሑፍ የጀመርኩት ስለዚህ ሰው የባህል ጥናት ለማቅረብ አይደለም። በደቡብ ምዕራብ የቡና አገር አንድ ባለ ሣጥን አውቅ ነበር፤ የእኚህ ሰው ዕዳ አለብኝ። አግኝቻቸው ልከፍል ስላልቻልኩ፣ ቢያንስ ዕዳው መኖሩን በአደባባይ መናገር ይገባኛል። በወጣትነታችን ዘመን ለዚህ ዓይነቱ ንግግር «ግለ ሂስ» የሚል ስም ነበረን። አብዛኛውን ጊዜ ግን የምናካሂደው የሌላውን ሰው ሂስ ነበር።

ሚዛን ተፈሪ የደረስኩት በ1972 ዓ.ም. መስከረም ሊያልቅ ሲል ነው። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ከታወጀ ገና ሦስተኛ ወሩ ነበር። ከጅማ በቦንጋ በኩል በጭነት መኪና ላይ ተጭኜ፣ ጭቃ ሲይዘን እየወረድኩና እየገፋሁ ተጓዝኩ። ከተማዋ ያን ጊዜ የከፋ ክፍለ ሀገር፣ የጊሚራ አውራጃ ዋና ከተማ ነበረች። የተመደብኩበት መንደር ግን ከዚያ ወደ ሸኮና ወደ ቴፒ በሚወስደው አቅጣጫ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ይርቅ ነበር። ከደጋ ለመጣ ሰው ያ አገር መጀመሪያ ዓይን ያጨልማል። ቡናው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል፤ በዛፎቹ ግንድ ላይ ጥምዝ ተጠምጥሞ ይወጣል፤ ከሥራቸው ኮረሪማ ያፈራል፤ ከቅርንጫፎቻቸው ላይ የንብ ቀፎ ተሰቅሏል። ቤቶቹ በእንሰት የተከበቡ በመሆናቸው ሰው ቤት መኖሩ የሚታወቀው ጢሱ ሲወጣ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል አንድም ሱቅ አልነበረም።

ባለ ሣጥኑን ያየኋቸው በደረስኩ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ዕድሜያቸው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ ቀጭን፣ ጥርሳቸው የበለዘ፣ ከጉራጌ አገር የመጡ ሰው ነበሩ። ያን ጊዜ «አንተ» እላቸው ነበር። እኔ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት፣ እሳቸው የልጆች አባት፤ ሆኖም እኔ መምህር ነበርኩ፣ እሳቸው ደግሞ ነጋዴ። ዛሬ በጽሑፍ «አንቱ» ማለቴ የዘገየ አክብሮት መሆኑ ይታወቅልኝ።

ሥርዓታቸውን ለማስተዋል ጊዜ አልፈጀብኝም። ባለ ሣጥኑ ዕቃቸውን ጮኸው አይጠሩም። ከደጅ ሲደርሱ በዱላቸው የሣጥኑን ጎን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋሉ። ሣጥኑም ወዲያው አይከፈትም። ባለቤቲቱ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር አፍልታ፣ የአገሩ ሰው ጨሞ የሚለውን መጠጥ በቅል ታቀርባለች፤ እሳቸውም ጠጥተው፣ ስለ ከብቱና ስለ ልጆቹ ጠይቀው፣ ከወንዙ ማዶ ማን እንደታመመ፣ ማን እንደወለደች ከተናገሩ በኋላ ነው ክዳኑ የሚነሣው። ክዳኑ ሲነሣ ሕፃናቱ ትንፋሻቸውን ይውጣሉ። ከላይ መስተዋት፣ ጨሌና ኩል፤ ከመካከል መርፌ፣ ክር፣ ምላጭና ቁልፍ፤ ከታች ሻሽ፣ ሳሙና፣ ክብሪትና የባትሪ ድንጋይ። ጨዉ ለብቻው በስልቻ ነው።

የዕለቱን የመጀመሪያ ሽያጭ ለማንም ሰው አይሸጡም ነበር። እጇ ቀና ነው የምትባል አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ነበረች። እሷ አንድ መርፌ ካልገዛች የዚያ ቀን ገበያ አይጀመርም፤ ገንዘብ ከሌላትም መርፌው በነፃ ይሰጣታል። ጨው ሲሰፍሩ ጣሳውን ሞልተው ካስተካከሉ በኋላ ከላይ አንድ ጭብጥ ምርቃት ይጨምራሉ። ምርቃት የማይሰጥ ነጋዴ ምርቃት አያገኝም ይሉ ነበር፤ በአንዱ ቃል ሁለቱን ትርጉም ማለታቸው ነው። ሲመሽባቸው ያመሹበት ቤት ያድራሉ። ለማደሪያ ገንዘብ መስጠት ነውር ስለሆነ፣ ጧት ሲነሡ ከምድጃው አጠገብ ጥቂት ጨው በቅጠል ጠቅልለው ትተው ይሄዳሉ። የመርዶ መልእክት ከተሰጣቸው በመንገድ ላይ ለማንም አይናገሩም፤ መጀመሪያ ወደ ሽማግሌ ቤት ይሄዳሉ። በያመቱ መስከረም ሲብት ለመስቀል ወደ አገራቸው ይገባሉ፤ ከመስቀል በኋላ ቡናው መቅላት ሲጀምር ይመለሳሉ። የመንደሩ ሰው የቡናን ወቅት መድረስ ከሳቸው የዱላ ድምፅ ጋር ያያይዘው ነበር።

የሽያጩ ዋና መሠረት ግን ዱቤ ነው። በክረምት ማንም እጅ ገንዘብ የለም። ጨው ያለ ገንዘብ ይወሰዳል፤ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቡናው ተለቅሞ ሲደርቅ በጀንፈል ይከፈላል። ይህን ሁሉ ዕዳ እንዴት እንደሚያስታውሱ ስጠይቃቸው ከኪሳቸው ረጅም ገመድ አወጡ። በየክንዱ ርቀት ቋጠሮ አለ፤ አንዱ ቋጠሮ ነጠላ፣ አንዱ ድርብ፣ አንዱ ጨሌ የገባበት። «ይህ ቤት፣ ይህ ጨው፣ ይህ ሻሽ ነው» አሉኝ። ከዚያም አንገታቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጓድ መምህር፣ እኔስ ከገበሬው ጋር መማር እችላለሁ ወይ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አስተማርኳቸው። ወደ መንደሩ በመጡ ቁጥር ሣጥናቸውን ከመማሪያው ዳስ ደጅ አስቀምጠው፣ ከአረጋውያኑና ከእናቶች ጋር በግንድ ላይ ተቀምጠው ፊደል ይቆጥሩ ነበር። ጉራጊኛ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ከፍኛ የሚናገሩ፣ ቤንችኛም ለገበያ የሚበቃቸውን ያህል የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ ፊደሉ ብቻ ነበር የጎደላቸው። እስከ ሰኔ ድረስ ማንበብ ቻሉ። ከዚያም ባለ 50 ገጽ ደብተር ከሚዛን ገዝተው መጡና ገመዱን ፈትተው እሳት ውስጥ ጣሉት።

እዚህ ላይ ስለ ንግዱ ታሪክ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ አለበለዚያ ቀጥሎ የማወራው ነገር በአየር ላይ የተንጠለጠለ ይሆናል። በ19ኛው ምዕተ ዓመት ከጎጃም የባሶ ገበያ ተነሥቶ፣ ዓባይን ተሻግሮ፣ በጉድሩ በኩል ወደ ሊሙ እናርያ ሳቃ፣ ከዚያም ወደ ጅማ ሂርማታና ወደ ቦንጋ የሚወርድ የሲራራ መንገድ ነበር። ነጋዴዎቹ አሞሌ ጨውና ጨርቅ፣ ጨሌና የመዳብ ዕቃ ይዘው ይወርዱ፤ የዝሆን ጥርስ፣ ዝባድ፣ ኮረሪማና ቡና ይዘው ይመለሱ ነበር። አሞሌው ከሰሜን ወደ ደቡብ በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ የነጋዴው ትርፍም የድካሙና የርቀቱ ልጅ ነበር። ነገር ግን በዚያው መንገድ ላይ ሰው ራሱ እንደ ሸቀጥ ይነዳ እንደነበር መደበቅ አይገባም። የከፋ መንግሥት በ1890 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ከወደቀ በኋላም በጊሚራና በማጂ አገር የባሪያ ፈንጋዮች ዘመቻ ብዙ መንደር ባዶ አስቀርቷል። ባርነትን በሕግ የሻረው አዋጅ የወጣው በ1934 ዓ.ም. ነው።

ይህን ታሪክ ከመጽሐፍ በፊት የሰማሁት ከአንዲት አሮጊት ነው። ቤታቸው ከወንዙ ማዶ ሲሆን ባለ ሣጥኑ ብዙ ጊዜ የሚያድሩት እዚያ ነበር። አንድ ቀን በተማሪዬ አስተርጓሚነት እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ እኔ ሕፃን ሳለሁ ነጋዴ መጣ ሲባል እናቴ እጄን ይዛ ጫካ ታስገባኝ ነበር። አፌን በእጇ አፍና ትይዘኛለች። አሁን ግን ይኸው፣ ነጋዴ በቤቴ ያድራል፤ የልጅ ልጄንም አቅፎ ያስተኛል።» በዚያን ጊዜ ይህን ንግግር በማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት «ያለፈው ሥርዓት ግፍ» በሚል አርእስት ሥር ነበር። የንግግሩን ሁለተኛ ግማሽ አልጻፍኩትም።

የዟሪ ነጋዴ ነገር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። በአየርላንድ ገጠር ዕቃውን በጀርባው ተሸክሞ ከእርሻ ቤት እርሻ ቤት የሚዞር ነጋዴ ነበር፤ ከመርፌና ከጥብጣብ ጋር ግጥም የታተመባቸውን ወረቀቶች ይሸጥ ስለነበር ዘፈንና ወሬ በሱ እግር ይጓዝ ነበር ይባላል። ቆርቆሮ እየጠገኑ የሚዞሩትንም ፕላስቲክ እስኪመጣ ድረስ ገጠሩ ይጠብቃቸው ነበር። መንገድና ሱቅ ባልደረሰበት አገር ሁሉ እንዲህ ያለ ሰው ይፈጠራል። በአንድ በኩል ይፈለጋል፣ በሌላ በኩል ይጠረጠራል፤ የሁሉም እንግዳ ነው፣ የማንም ዘመድ አይደለም።

መጠርጠሩም ያለ ምክንያት አይደለም። ጣሳውን ከሥሩ ወደ ውስጥ የሚያጎብጡ ነጋዴዎች ነበሩ። በክረምት የቤተሰብ ችግር አይተው ቡናውን ገና ሳይበስል በግማሽ ዋጋ የሚገዙም ነበሩ። እኔም እንደ ዘመኑ ወጣት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝን አንብቤ ነበር። ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» ጥሬ ዕቃ እየሰጠ የተሠራ ዕቃ የሚቀበል አገር እንዴት እየተጎዳ እንደሚሄድ ያስረዳል። ይህን ይዤ ወደ ባለ ሣጥኑ ስመለከት ያየሁት ሰውየውን ሳይሆን በአንድ በኩል ጣሳ ቡና፣ በሌላ በኩል ጣሳ ጨው ነበር። ልውውጡ እኩል አልነበረም፤ በዚህ አልተሳሳትኩም። ነገር ግን ያን ዋጋ ባለ ሣጥኑ አልወሰኑትም። የወሰነውም ሰው በዚያ ጫካ ውስጥ በእግሩ ሲሄድ አልታየም።

በኅዳር 1973 ዓ.ም. የቡናው ለቀማ በተጧጧፈበት ሰሞን በአካባቢው የተቋቋመው ኮሚቴ «ከበዝባዥ ነጋዴዎች ጋር ስለሚደረገው ትግል» ስብሰባ ጠራ። ቡና ከማኅበሩ በስተቀር ለማንም እንዳይሸጥ ተወስኖ ነበር። የኮሚቴው ጸሐፊ እኔ ነበርኩ። ባለ ሣጥኑ ሣጥናቸውን ይዘው ቀረቡ። ሣጥኑ ሲፈተሽ ደብተሩ ተገኘ። ሰብሳቢው ማንበብ ገና እየተማረ ስለነበር ደብተሩን አቀበለኝና፣ «ጓድ መምህር፣ ለሕዝቡ አንብብ» አለኝ።

አነበብኩ። የጻፉት የሰው ስም አልነበረም። «ትልቁ ዋርካ ሥር ያለው ቤት ጨው 2 ጣሳ። መንታ የወለደችው ሻሽ 1። ቀፎ ሰቃዩ የባትሪ ድንጋይ 2።» እንዲህ እያለ 31 መስመር ነበር። ፊደሎቹ ተንጋደው፣ «ሻ» እና «ሸ» ተምታተው የተጻፉ ናቸው፤ የኔ ተማሪ እጅ መሆኑን ለማወቅ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። እኔ ባነበብኩ ቁጥር ሕዝቡ ያጉረመርማል። ሲያልቅ ሰብሳቢው፣ «31 ቤተሰብ በአንድ ሰው ዕዳ ተይዟል!» አለ። ገመዱ ቢሆን ኖሮ ማንም አያነበውም ነበር። ማስረጃውን ያስገኘው ያስተማርኩት ፊደል ነው።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ራሴን ለማጽናናት መንገድ አላጣም ነበር። የታዘዝኩትን አነበብኩ፤ የተጻፈውን እንጂ ያልተጻፈውን አልጨመርኩም እል ነበር። ነገር ግን ደብተሩን ለመዝጋት ስገለብጠው በስተኋላው በኩልም ጽሑፍ አየሁ። ባለ ሣጥኑ ደብተሩን ከሁለት ወገን ነበር የጻፉበት። ከፊት የሚሰበስቡት ዕዳ፣ ከኋላ ደግሞ የሚከፍሉት። «ወንዝ ማዶ እማማ 3 አዳር። ቀፎ ሰቃዩ ማር 1 ኩባያ። ትልቁ ዋርካ እግሬ ሲያብጥ 9 ቀን።» ከሥሩም፣ መጠንና ቁጥር ሳይጻፍበት፣ «መምህሩ ፊደል» የሚል ነበር።

አየሁት። ባለ ሣጥኑም ማየቴን አዩ። ፊታቸውን ቀና አድርገው ተመለከቱኝ፤ ምንም አልተናገሩም፤ እንድናገር የጠበቁ መሰለኝ። ስብሰባው ሞቆ ነበር። ስለ ነጋዴ ጠበቃ ሆነ ተብዬ የምጠየቅበት ቀን ታየኝ። ደብተሩን ዘግቼ ለሰብሳቢው መለስኩለት።

ዕዳዎቹ በሙሉ እንዲሰረዙ፣ ሣጥኑ እንዲወረስ፣ ሰውየውም አካባቢውን ለቀው እንዲሄዱ ተወሰነ። ተጨበጨበ። ቃለ ጉባኤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ጥሩ ቃለ ጉባኤ ነበር። ደብተሩም ከሱ ጋር ተያይዞ ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አላየሁትም። ባለ ሣጥኑ ዱላቸውን ብቻ ይዘው በሚዛን መንገድ ሄዱ። በየቤቱ ደጅ ሲያልፉ ዱላው የሚመታው ነገር አልነበረም።

የማኅበሩ ሱቅ በሳምንት 2 ቀን ይከፈት ነበር፤ እሱም ሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ። ጨው ሲመጣ ጥሩ ዋጋ ነበረው። የሚመጣው ግን ሁልጊዜ አልነበረም። ዱቤ የለም። መርፌ በግዢ ዝርዝሩ ላይ አልገባም ነበር፤ ማንም ሆነ ብሎ አላስቀረውም፤ ዝርዝሩን ያዘጋጀነው ወንዶች ስለሆንን መርፌ የሚባል ነገር ትዝ ያለው ሰው ጠፋ። እጇ ቀና የተባለችው ልጅ በትምህርት ሰዓት፣ «የደብተሩ ሰውዬ መቼ ይመጣል?» ብላ ጠየቀችኝ። ስለ ትምህርቱ ብቻ እንድትጠይቅ ነገርኳት።

በጥር ወር አንድ ማታ የወንዝ ማዶዋ እማማና ሌሎች ሁለት ሴቶች በሬን አንኳኩ። እያንዳንዳቸው በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ጀንፈል ይዘዋል። የባለ ሣጥኑን ዕዳ ሊከፍሉ ነው የመጡት። ደብዳቤ የምጽፈው እኔ ስለሆንኩ አድራሻቸውን አውቃለሁ ብለው ነው። ዕዳው በሕዝብ ውሳኔ መሰረዙን አስረዳኋቸው። እማማ ተማሪዬ እስኪተረጉምላቸው ጠብቀው፣ «እናንተ የሰረዛችሁት ወረቀቱን ነው። ጨዉን እኮ በልተነዋል» አሉ። ቡናውን ከደጃፌ አስቀምጠው በጨለማው ገብተው ሄዱ።

የባለ ሣጥኑን አድራሻ አላውቅም ነበር። አንድ ዓመት ሙሉ ፊደል ሳስተምራቸው የትውልድ መንደራቸውን እንኳ አልጠየቅኋቸውም።

ዓመታት አለፉ። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ፣ በኋላም ሥርዓቱ ሲለወጥ፣ የቡና ንግድ እንደገና ለግል ነጋዴ ተከፈተ፤ ሰብሳቢውና አቅራቢው በየመንደሩ ብቅ አሉ። በ2015 ዓ.ም. ወደዚያ አገር ተመልሼ ሄድኩ። ሚዛን ከአማን ጋር ተዋህዳ ሰፊ ከተማ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል በ2014 ዓ.ም. ተመሥርቷል። በጭቃ ሁለት ቀን የፈጀብኝን መንገድ በአስፋልት ተጓዝኩት። እኔ በግማሽ ቀን የሄድኩበትን የመንደር መንገድ ሞተር ብስክሌት ይወስደዋል። ወንዝ ማዶ ያለውን ቤት አገኘሁት፤ እማማ ከሞቱ ቆይተዋል።

በከተማው አደባባይ ሣጥን በደረቱ ያንጠለጠለ ወጣት አየሁ። የስልክ ቻርጀር፣ የጆሮ ማዳመጫ፣ ቀበቶና የፀሐይ መነጽር ይሸጣል፤ ገንዘቡን በቴሌብር ይቀበላል። መርፌ እንዳለው ጠየቅሁት። «መርፌ ማን ይገዛል አባባ?» አለኝ እየሳቀ። ዱቤ ይሰጥ እንደሆነም ጠየቅሁት። «ሰው አላውቅማ፤ ዛሬ እዚህ ነኝ፣ ነገ ቴፒ ነኝ» አለኝ። ልፈርድበት አልቃጣሁም። እሱም ይደክማል፤ ፀሐዩና ዝናቡ ያው ነው፤ ደንብ አስከባሪ ሲመጣ ሣጥኑን ዘግቶ መሮጡም ያው ነው። ልዩነቱ የዚያን ሰው ሣጥን ከየቤቱ ጋር ያያያዘው ገመድ ከሱ ዘንድ አለመኖሩ ነው።

የዚህ መጽሔት አንባቢዎች መምህራንና የኪነ ጥበብ ሰዎች፣ በሥራ ኃላፊነትም ላይ ያላችሁ ናችሁ። ሠዓሊው ይህን ሰው ቢሥለው፣ ጸሐፌ ተውኔቱ በመድረክ ላይ ቢያቆመው ደስ ይለኛል። ግን እንደ ቅዱስም እንደ በዝባዥም አድርጋችሁ አትሣሉት። በሁለት ወገን የተጻፈ ደብተር ስጡት። ሕዝብ ፊት ቆማችሁ የአንድን ሰው መዝገብ እንድታነቡ ስትጠየቁ ደግሞ፣ መዝገቡን ገልብጣችሁ ኋላውንም ተመልከቱ። ካያችሁት በኋላ መዝጋት እንደማይቻል እኔ ምስክር ነኝ።

ሴቶቹ ከደጃፌ ትተውት የሄዱትን ቡና ለማኅበሩ ማስረከብ ነበረብኝ፤ አላስረከብኩም። ለባለቤቱ መላክም አልቻልኩም። ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ጥግ ላይ ተቀምጦ ነበር። ከዚያ ሻጋታ ሊበላው ሲል አስወቅጬ፣ ቆልቼ፣ እስከ ግንቦት ድረስ ጠጣሁት።